የሊጥ ማቡኪያዬ ሞተር ካፓሲተር ይበላል፤ ይሄ ሦስተኛው ነው

የእንጀራ ቤት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤት አስረክባለሁ። ሊጡን የሚያቦካልኝ ማሽን አለኝ። ሰፊ በርሜል ነው፣ ከሥሩ ሞተር አለ፣ በቺንጊያ ያዞረዋል። ዓመት ከምናምን ያለ እንከን ሠራ። ከጥቅምት ወዲህ ግን አሳሬን እያሳየኝ ነው።

ማብሪያውን ስጫነው እምምምም ይላል፣ አይዞርም። ሲያሰኘው ደግሞ እያጓራ ቀስ ብሎ ይነሳል። ትንሽ ይቆይና ጧ! ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ጥቁሩ ካፓሲተር ይፈነዳል። ጭሱ፣ ሽታው፣ ወለሉ ላይ የሚቀረው የሚያዳልጥ ነገር... አሁንማ ሠራተኞቼ ማብሪያውን የሚጫኑት ፊታቸውን አዙረው ነው።

አንድ ሠሪ መጣ፣ ካፓሲተር ቀየረ፣ ሄደ። በሳምንቱ ፈነዳ። ሌላ መጣ፣ «የበፊቱ ርካሽ ነው የገጠመልሽ» ብሎ በሌላ ቀየረው። እሱ 11 ቀን ቆየ። ትናንት ሦስተኛው ሄደ። ሦስተኛው ሠሪ ደግሞ «ዲናሞው ተቃጥሏል፣ መጠቅለል አለበት» አለኝ፣ የሞተሩ ሽቦ እንደ አዲስ ይጠምጠም ማለቱ ነው። የጠራልኝ ዋጋ የአዲስ ሞተር ግማሽ ነው። ላስጠቅለው ወይስ ጨክኜ አዲስ ልግዛ?

ፒንሳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ አትጨነቂ። ተለቅ ያለ ካፓሲተር ግቢበት፣ አለቀ። እኔ የበርበሬ መፍጫዬ እንዲሁ ሲያስቸግረኝ 400 ማይክሮፋራድ ገጠምኩለት። አሁን ገና ሳልጫነው ነው የሚነሳው።

ጡረተኛው ጠቅላይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ልጄ፣ ለመጠቅለል አትቸኩዪ። አዲስም አትግዢ። 30 ዓመት ዲናሞ ስጠቀልል ኖሬያለሁ። ሰዎች «ተቃጥሏል» ተብለው ካመጡልኝ ውስጥ ስንቱን ሳልነካ እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፒንሳ ወንድሜ፣ ትልቅ ካፓሲተር ማለት ትልቅ ጉልበት ማለት አይደለም። እስከ ልኩ ይረዳል። ከልኩ ሲያልፍ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የማስነሻው ኮይልም፣ የሽቦ ጥቅሉ፣ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። የአንተም መፍጫ አሁን ይነሳል እንጂ ውስጡን አላየኸውም።

ሞተሩ ለምን እምም ብሎ እንደሚቆም ይግባችሁ። በሲንግል ፌዝ፣ በተራው የቤት ኤሌክትሪክ፣ አንድ ኮይል ብቻውን የሚፈጥረው ማግኔት አይዞርም። እንደ መጅ ነው። እናቶቻችን ወፍጮው ላይ መጁን ወደፊት ይገፉታል፣ ወደኋላ ይስቡታል፤ መጁ ግን ዞሮ አያውቅም። ሮተሩም፣ የሚዞረው ክፍል፣ እንደዚያው በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይባላል፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን የሚነግረው የለም። እምምታው ያ ነው። መንገድ የሚያሳየው ሁለተኛው ኮይል ነው፣ የማስነሻው። ካፓሲተሩ የዚህ ኮይል ከረንት ከዋናው ቀደም ብሎ እንዲደርስ ያደርጋል። በዚያች የጊዜ ልዩነት ማግኔቱ መዞር ይጀምራል። አንዴ ከዞረ ወዲያ ዋናው ኮይል ብቻውን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ የጥቁሩ ካፓሲተር፣ የስታርቲንጉ፣ ሥራ የጥቂት ሴኮንድ ነው። ሞተሩ ከፍጥነቱ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከኋላ ያለው ሴንትሪፉጋል ስዊች በዙረቱ ጉልበት ተከፍቶ ካፓሲተሩን ያሰናብተዋል። የእነዚህ ካፓሲተሮች የተለመደ ልክ በሰዓት 20 ማስነሳት ነው፣ እያንዳንዱ 3 ሴኮንድ። በሰዓት አንድ ደቂቃ ብቻ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ከተዋችሁት ያብጣል፣ ይፈነዳል። እና ልጄ፣ ሦስት ካፓሲተር ተራ በተራ ከሞተ ጥፋቱ የካፓሲተሮቹ አይደለም። ገዳይ አለ።

እስቲ እነዚህን አምጪልኝ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ አንብቢ። የሚያስቸግርሽ ሁልጊዜ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት? በዚያ ሰዓት ሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት አለ? ሞተሩ ለመነሳት ሲታገልስ ወደ ስንት ይወርዳል? አንድ ሌላ ምርመራ ደግሞ አለ፣ ሳንቲም አያስወጣም። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ አጥፊውና ጆሮሽን ጣዪ። ፍጥነቱ እየወረደ ሲሄድ «ቀጭ» የሚል የስዊቹ ድምፅ ይሰማሻል?

«በእጅሽ ገፋ ካደረግሽው ይነሳል» የሚልሽ ሰው ቢመጣ እሺ እንዳትዪው። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ሲገፉት የሚነሳ ሞተር የታመመው ማስነሻው ነው። ግን ቺንጊያው ሳይወልቅ፣ ማማሰያው በርሜሉ ውስጥ እያለ የሚሞከር ነገር አይደለም። በዚህ ጣቱን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ሮቶ ሙሉ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የእኔም እምም ይላል፣ የውሃ ፓምፕ ነው፣ ግማሽ ፈረስ ጉልበት፣ ከታች ሮቶ ወደ ላይ ሮቶ የሚገፋ። ሰፈራችን ውሃ በደንብ ስለመጣ ሦስት ወር አልነካሁትም። ትናንት ውሃ ጠፋ፣ ሰካሁት፣ እምም ብቻ። ካፓሲተር ልግዛ?

ቴስተር አይዋሽም
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ሮቶ ሙሉ፣ ቆይ አትግዛ። የአንተ ዓይነቱ ትንሽ ፓምፕ ውስጥ ውሃውን የሚገፋ የነሐስ ኢምፔለር አለ፣ በእሱና በግድግዳው መሀል ያለው ክፍተት ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። ሦስት ወር ሲቆም ዝገትና የውሃ ጨው ያጣብቀዋል። ሶኬቱን ንቀል። ከኋላ ያለውን የፋን ክዳን አውልቅ። የሻፍቱ ጫፍ ላይ ለካቻቢቴ የተፈለጠች መስመር ካለች በእሷ ወዲያ ወዲህ አድርገው። ከሌለች ፋኑን በእጅህ ቀስ አድርገህ ሞክር፣ ፕላስቲክ ስለሆነ እንዳትሰብረው። ደግሞም እየደጋገምክ አትሰካው። ቆሞ እምም የሚል ሞተር ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ አምፔር ይስባል፤ ያኔ የምርህን ታስጠቅልለዋለህ።

ጋሼ ጠቅላዩ ለእንጀራ ቤት የነገሯት «ቀጭ» ለአንተ አይሠራም። የአንተ ፓምፕ ስዊች የለውም፣ አንዱ ነጭ ካፓሲተር ሁልጊዜ ከኮይሉ ጋር እንደገባ ነው።

አሁን ለእንጀራ ቤት። ሠሪሽ «ተቃጥሏል» ሲልሽ በምን ለካው? የሞተሩን ሳጥን አስከፍቺ። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹ ወልቀው። ዩ1 እና ዩ2 የሚሉት የዋናው ኮይል ጫፎች ናቸው፣ ዜድ1 እና ዜድ2 የማስነሻው። ዋናው በጣም ትንሽ ኦም ያነባል፣ ማስነሻው ብዙውን ጊዜ ከሱ ከፍ ይላል። አንዱ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከሞተሩ አካል ጋር ካነበበ ወደ አካሉ ወርዷል። ሁለቱም ደህና ካነበቡ ግን ሰውዬው ማስረጃ ያምጣ። እውነቱን ለመናገር ኦም ብቻውን ሁሉን አይነግርም። ጥቂት ዙር ሽቦ እርስ በርሱ ሻርት ቢያደርግ ንባቡ እምብዛም አይለወጥም። ያኔ የሚያጋልጠው አምፔሩና ሽታው ነው።

ለፍሪጅ ሠሪዎች በዚያው ልናገር፣ በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ። ሦስት ጫፍ ብቻ ካለ ሦስቱንም ጥንድ ለኩ። ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትንንሾች ድምር ነው። ትልቁን ስትለኩ ያልነካችሁት ጫፍ የጋራው ነው። ከጋራው ጋር ዝቅ ያለው ዋናው፣ ከፍ ያለው ማስነሻው።

እና ካፓሲተር ከመንካታችሁ በፊት ቻርጁን አራግፉ። በካቻቢቴ ጫፍ ለጫፍ ነክተው ጧ የሚያደርጉ ልጆች አሉ፣ ጀግንነት መስሏቸው። ካፓሲተሩንም ዓይናችሁንም ነው የምትጎዱት። የድሮ 60 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ያዙና ጫፎቹ ላይ አሳርፉት። ይበቃል።

የድሬ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

እዚህ ድሬ ያለ ፋን መኖር አይቻልም፣ ስለ ፋን የሚያወራ ግን የለም! የጣሪያ ፋኔ አምስተኛው ላይ አድርጌው እንኳን ዝንብ አያባርርም ነበር። 2.5 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩ ሲለካ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ቀየርኩት፣ ነፋሱ መጣ። ግን ወደ ላይ! ሽቦ አሳስቼ የማስነሻውን ኮይል ጫፎች አገላብጬ ነው የገጠምኩት። ሁለት ቀን ጣሪያውን ሳቀዘቅዝ ነበር።

የእንጀራ ቤት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ ያሉኝን አመጣሁ። አራተኛ ካፓሲተር ገጥሜ ነው የሞከርኩት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ቆርቆሮዋ እንዲህ ትላለች፦ 1.5 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 9.6 አምፔር፣ በደቂቃ 1440 ዙር። ካፓሲተር 200 ማይክሮፋራድ 250 ቮልት (ጥቁሩ) እና 35 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት (ነጩ)።

ሰዓት ሲሉኝ ነው የገባኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስናቦካ አስቸግሮ አያውቅም። የሚፈነዳው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ ምጣዶቹ በርተው። እስካሁን አላስተዋልኩትም ነበር።

ጠዋት ሞተሩን አጥፍቼ ጆሮዬን ደገንኩ። ቀጭ አለ። ሠራተኛዬ «እትዬ፣ ልቡን ነው የሚያዳምጡት?» ብላ ሳቀችብኝ። ማታ ግን ሊጡን እንደያዘ ሲነሳ እያጓራ ነው፣ ከ10 ሴኮንድ በላይ አላቆየሁትም፤ ሳጠፋው ቀጭ የለም። ጸጥ።

የጎረቤት ልጅ በቴስተር ለካልኝ። ማታ ቆጣሪው ላይ 198 ቮልት። ጓሮ ማቡኪያው ጋ 184። ሞተሩ ሲነሳ 155።

ቆጣሪው የግቢው በር ላይ ነው፣ መጋገሪያው ጓሮ፣ 50 ሜትር ይሆናል። ኬብሉ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው አለኝ። ሁለት ምጣድ ከዚያ ላይ ነው የሚሠራው። ማቡኪያው ደግሞ ከግድግዳው ሶኬት 10 ሜትር በሆነች ዲቫይደር ነው የሚሰካው፣ ቀጭን ናት። ዋናው ብሬከር 63 አምፔር።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ወለሉ ሲርስ ማሽኑን ስነካ ትንሽ ይነዝረኛል። ከዚህ ጋር አይገናኝም መሰለኝ።

ጡረተኛው ጠቅላይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡55

ማሽኑን ንቀዪው። አሁን። ካፓሲተሩ ይቆየን።

እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ብረት በርሜል የሚነካ ሰው «ትንሽ ይነዝረኛል» የሚባል ነገር የለውም። ያቺ ዲቫይደር ሁለት ሽቦ ብቻ ናት፣ አይደል? የመሬት ሽቦ የላትም። የሚሠራልሽ ሰው በ500 ቮልት ሜገር፣ የሽቦውን ሽፋን በሚፈትሸው መሣሪያ፣ ኮይሉን ከአካሉ ጋር ይለካ። ተራ ቴስተር ይህንን አያይም። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ ሳይደርቅ አይነሳም። የመሬት ዘንግ ሳይቀበር ሠራተኞችሽ እንዳይነኩት። ሁለት ቀን በእጅ ይቦካ።

እግረ መንገዱን የኋላውን ክዳን ያስከፍትሽና ስዊቹን በዓይንሽ እዪው። ከዚያ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን።

የእንጀራ ቤት
ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡15

ተከፈተ። የሆነውን በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

የኋላ ክዳኑ በአራት ብሎን ነው የተያዘው። ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ዱቄት ነው። የጤፍ ዱቄት ከእንፋሎቱ ጋር ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ድስት ቅርፊት ሞተሩ ጀርባ ላይ ተጋግሯል። ሠሪው በጥርስ ብሩሽ አራገፈው። ከሥሩ ስዊቹ ወጣ። ሁለት የነሐስ ምላስ አለው፣ የእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ። አንዷ ነጥብ ከሰል ሆናለች፣ መሀሏ ጎድጉዷል። ምላሶቹ ተጣብቀው ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጋቸው ጠቅ ብለው ተላቀቁ። የረቡዕ ማታው ሙከራ ያጣበቃቸው ይመስለኛል፣ ጠዋትማ ቀጭ ብሎ ነበር።

ዋናው ኮይል 1.4 ኦም፣ ማስነሻው 3.2። ነጩ ካፓሲተር 34 አነበበ። ኩሽኔታዎቹ ደህና ናቸው፣ በእጅ ሲዞር ድምፅ የለውም። ሜገሩ ግን 0.7 ሜጋኦም። ሠሪው ሞተሩን ፈቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ ማታ 100 ዋት አምፖል ሆዱ ውስጥ አብርቶ። አሁን ከ20 በላይ ያነባል።

«ተቃጥሏል» ያለኝ ሰውዬ ጋ ደወልኩ። አያነሳም።

ጡረተኛው ጠቅላይ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጎበዝ ልጅ። አልተቃጠለም። ቀጥ ያለ ሞተር ነው።

አሁን ገዳዩን እንያዘው። የመዳብ ኬብል ተቃውሞ እንዲህ ይሰላል፦ ርዝመቱን በሁለት አባዢ፣ ምክንያቱም ይሄዳል ይመለሳል። በ0.0175 አባዢ፣ ለውፍረቱ አካፍዪ። 50 ሜትር ባለ 4 ሲሆን 0.44 ኦም። ቀጭኗ ዲቫይደር 1.5 ከሆነች ለ10 ሜትር 0.23 ኦም ጨመረች። ሁለቱ ምጣድ አንድ ላይ ወደ 32 አምፔር ይወስዳሉ፤ 32 በ0.44 ሲባዛ 14 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 198 የነበረው 184 የሆነው ለዚህ ነው። ሞተሩ ሲነሳ 40 አምፔር ይስባል ብንል ሌላ 27 ቮልት ይበላል። 157። አንቺ የለካሽው 155። ወረቀቱና ቴስተሩ ተስማሙ።

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በስኩዌር ነው የሚወርደው። 155 ለ220 ሲካፈል 0.7 ነው። 0.7 በ0.7፣ 0.49። ቮልትሽ ሠላሳ በመቶ ቀነሰ፣ ጉልበቱ በግማሽ። በግማሽ ጉልበት ወፍራም ሊጥ ይዞ ወደ 1100 ዙር መድረስ አልቻለም። እዚያ ካልደረሰ ስዊቹ አይከፈትም። ካልተከፈተ ለ3 ሴኮንድ የተሠራው ካፓሲተር ሊጡ እስኪያልቅ ውስጥ ይቀቀላል። ስዊቹም መሀል መንገድ ላይ ከፈት ዘጋ እያለ ብልጭ ሲል ነጥቡ ተቃጠለ። ዱቄቱ ደግሞ አገዘው። ያንቺ ካፓሲተር ሟች ነው፣ ገዳዩ ኬብሉ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ባለ 4 ኬብል ላይ ምጣዶቹና ሞተሩ 42 አምፔር እየጫኑ፣ ብሬከሩ 63። ብሬከሩ ሳይጥል ኬብሉ ጣሪያው ውስጥ ይቀልጣል። ከቆጣሪ እስከ ጓሮ ባለ 10 ይዘርጋ፣ ዋናው ብሬከር ወደ 50 ይውረድ። ጓሮ ትንሽ ቦርድ ይግባ፣ ለየምጣዱ 20፣ ለማቡኪያው የራሱ 16 ብሬከር፣ ባለ 4 ኬብል በቀጥታ፣ ከመሬት ሽቦ ጋር። ዲቫይደሯን ለስልክ ቻርጅ አድርጊባት።

ስዊቹን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ ጎድጉዷል ብለሻልና ይቀየር። ምናለሽ ተራ አሮጌ ሞተር ከሚፈቱት ዘንድ ይገኛል፣ ሻፍቱን ልክ ይዘሽ ሂጂ። እና ልማዱ፦ መጀመሪያ ውሃውን አድርገሽ አስነሺ፣ እየዞረ ዱቄቱን ጨምሪ። ሊጥ ሞልቶ ማስነሳት ይቅር።

ፒንሳ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ እንዳይስቁብኝ። ዛሬ የበርበሬ መፍጫዬን አጥፍቼ ጆሮዬን ጣልኩ። ቀጭ የለም። ከፈትኩት፣ የስዊቹ ነጥቦች እንደ ተበየደ ተያይዘዋል። 400ው ሳይወጣ ሲሠራ ነበር ማለት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ካፓሲተሩን ስነካው እንደ ጀበና ያቃጥላል። እንዴት እንዳልፈነዳ እሱ ነው የገረመኝ።

ጡረተኛው ጠቅላይ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

አልስቅም። ስዊቹን ቀይር፣ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ልክ መልስ። ስትነካው ግን ነቅለህ፣ አራግፈህ ይሁን!

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡00

ክሩን አነበብኩት፣ ደስ ይላል። እኔ ከአሜሪካ ነኝ። ለእማማ አዲስ አበባ አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው የእህል መፍጫ በካርጎ ልልክ ነው፣ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1725 ዙር ይላል። ትራንስፎርመር ከገዛሁለት ይሠራል አይደል? ሻጩ ይሠራል ብሎኛል።

ቴስተር አይዋሽም
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡15

ወንድሜ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን አይነካም። አዲስ አበባ 50 ነው። መጀመሪያ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ 1725 የነበረው 1430 አካባቢ ይሆናል። ይሄ ይቻላል። ችግሩ ኸርዙ ሲቀንስ በዚያው 115 ቮልት ብረቱ ከልኩ በላይ ማግኔት ይሸከማል፣ ሥራ ሳይኖረው እንኳ ይሞቃል። ለ50 ኸርዝ ልኩ 96 ቮልት ገደማ ነው፣ ያኔ ደግሞ አቅሙ ይቀንሳል።

አሁን የዚህን ክር ነገር አስታውስ። የእሱ ስዊች ለ1800 ተብሎ የተሠራ ነው፣ የሚከፈተው 1350 አካባቢ። እዚህ ግን ጣሪያው 1500 ነው። እህል ሲጫንበት ከ1350 በታች የሚቀርበት ቀን ይመጣል። ከዚያ የእማማም ወጥ ቤት ጧ! እዚያው ሸጠህ ብሩን ላክላቸው፣ እዚህ ባለ 220 ይግዙ። ለካርጎ የምትከፍለውም ይተርፍሃል።

የእንጀራ ቤት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ተጠናቀቀ። ባለ 10 ኬብሉ ዋጋ አንጀቴን በላው፣ ግን ሠሪው አሮጌውን ሲስበው ጣሪያው ሥር ያለው ክፍል ላስቲኩ ጠንክሮ ቡናማ ሆኗል። ዝም አልኩ።

የዛሬ ማታ ልኬት፣ ሁለቱም ምጣድ በርቶ፦ ቆጣሪው 197፣ ሞተሩ ሲነሳ 180። ሳይጓራ ተነሳ። ሲዞር 8.7 አምፔር። መንዘሩ ጠፍቷል፣ በባዶ እግሬ ግን አልሞከርኩም ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። አዲሱ ስዊች ከምናለሽ ተራ ነው የተገኘው፣ ሦስተኛው ሱቅ ላይ።

ካጠፋሁት በኋላ ሁላችንም ጸጥ ብለን ጠበቅን። ቀጭ! ሠራተኛዬ እልል አለች።

ሮቶ ሙሉ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እንኳን ደስ ያለሽ። የእኔ ፓምፕም በካቻቢቴ ሩብ ዙር ሳላደርገው ተላቀቀ፣ ውሃ ወጣ። ግን «ቴስተር አይዋሽም» መልስ ከመስጠቱ በፊት ካፓሲተር ገዝቼ ነበር። የሚፈልግ አለ? 10 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት፣ ከነላስቲኩ ነው።